እማማ ሩቂያን ከቤት ያስወጣቸው ኑዛዜ

ጥብቅና የጀመርኩ ቀን አሠሪዬ ጋሽ ኃይሉ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ካለችው ቢሯቸው አስቀምጠው አንድ ነገር ነገሩኝ። «የኑዛዜ ክርክር ሲመጣልሽ ፊርማውን መርማሪ ይየው። አንቺ ሟች እንዴት ይኖሩ እንደነበር ጠይቂ።» ወሬ ለቀማ መስሎኝ በሆዴ ሳቅሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ዘይነባ ከአጋሮ መጣችልኝ። እማማ ሩቂያ በጉዲፈቻ ያሳደጓት ልጅ ናት። ባላቸው በሞቱ በዓመቱ እሳቸውም አረፉ። የመቃብራቸው አፈር ሳይደርቅ የባላቸው ወንድም ልጅ ነዚፍ ኑዛዜ ይዞ ብቅ አለ። ቤቱም የቡና መሬቱም ለእሱ፣ ለዘይነባ ምንም።

«እትዬ፣ ቤቱስ ይቅር» አለችኝ። «ግን ሰዉ እናትሽ ክዳሻለች ይለኛል። ወላሂ እናቴ እንዲህ አታደርገኝም።»

ጉዳዩን ያዝኩት።

በፊርማ ፋንታ ኑዛዜው ላይ ያረፈው አሻራ ተመርምሮ «ደብዝዟል፣ አይለይም» ተብሎ ተመለሰ። ወረቀቱ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ተፈረመ ይላል፤ ሕጉ ከሚፈልገው አንድም አላጎደሉም። ሌባ ሲሰለጥን እንዲህ ነው። የተጻፈበት ቀን ባላቸው በሞቱ በሁለተኛው ወር ላይ ይውላል። እማማ ሩቂያ ከታመሙ በኋላ ነው ቢሉ አእምሯቸው ይጠየቃላ! ስለዚህ ወደ ኋላ ጎተቱት።

ችሎቱ በኦሮምኛ ነው። መጀመሪያ ነዚፍን ጠየቅሁት።

«የአጎትህን ሚስት ትረዳቸው ነበር?»

«እንዴታ! ኢዳ ላይ እያሉ አራት ወር ከአሥር ቀን ከደጃፍ አልወጡም። አስቤዛቸውን ያመላለስኩት እኔ ነኝ።»

ውለታ መቁጠሩ ነው። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ያን ያህል ጊዜ ቤቷ እንደምትቀመጥ በእኛ አገር የማያውቅ የለም። ቃሉን አስመዝግቤ ተቀመጥኩ።

ውጭ ተራውን ሲጠብቅ የነበረው የመጀመሪያው ምስክር ገባ። የሰፈር ሽማግሌ ነው፣ በእማማ ሩቂያ ለቅሶ ዱዓ ያደረገ። ቁርአን ይዞ ማለ።

«ኑዛዜው የት ተፈረመ?»

«መናኸሪያው ጋ ካለ ጽሕፈት ቤት።»

«እማማ ሩቂያ እንዴት መጡ?»

«በባጃጅ። እጃቸውን ይዤ ያወረድኳቸው እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንዲት አሮጊት «አስተግፊሩላህ» ሲሉ ሰማሁ። ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ነዚፍ መሬት መሬቱን ያያል።

አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። በሁለተኛው ወር ኢዳቸውን ጠብቀው ቤት የተቀመጡትን ሴት፣ ከሞቱ በኋላ ባጃጅ ላይ ጭነው በባዕድ ወንድ እጅ አስያዟቸው። መሬቱን መመኘት አንድ ነገር ነው፤ ክብራቸው ምን በደላቸው?

የቀሩት ምስክሮችም ተራ በተራ ተምታቱ። ኑዛዜው ውድቅ ሆነ።

ስንወጣ ዘይነባ ስለ ቤቱ አልጠየቀችኝም። «እናቴ አልካደችኝም ማለት ነው?» አለች። «አልካዱሽም» ስላት እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ያን ሽማግሌ በሐሰት ምስክርነት የጠየቀው የለም። ዛሬም ለቅሶ ቤት ሲገባ የክብር ቦታ ይለቀቅለታል።

ለጀማሪዎች የምለው፣ ጋሽ ኃይሉ ያሉኝን ነው። ኑዛዜው ተፈረመ በተባለበት ቀን ሟች የት እንደነበሩ ጠይቁ። ፊርማውን ከዚያ በኋላ እዩት።