የሃምሳ አለቃ ወርቁ ሦስት እርግጫ

ዲላ ሲኒማ ቤት ሥራ የጀመርኩት በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ባለቤቱ ሐጂ ሙደሲር በመጀመሪያው ቀን ብሩሽና ቀለም አስረክበውኝ በሩ ላይ ወዳቆሙት የቆርቆሮ በርሜል ወሰዱኝ። በርሜሉ ዙሪያውን ቀጫጭን ስንጥቅ አለው። ውስጡ ዐሥራ ሁለት ሥዕል በተርታ ይለጠፋል፤ በእጀታው እያሽከረከሩ በስንጥቁ ሲያዩት ሥዕሉ ይንቀሳቀሳል።

«ቅዳሜ የካራቴ ፊልም ይመጣልናል» አሉኝ። «ሰውዬው ሲራገጥ ሳልልኝ። ያየ ሰው ሳይገባ እንዳይሄድ።»

ሳልኩ። እግሩን ከመሬት እስከ ደረት በእኩል እኩል ርቀት ከፍ አደረግሁት። በርሜሉ ሲዞር ግን ሰውዬው ወንዝ የሚሻገር መሰለ። ገበያተኛው ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም። «እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ከአዋሳ ሠዓሊ አስመጣለሁ» አሉ።

እኔ ካራቴ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ኮንጋ በሚባል መንደር የቡና ማጠቢያ ዘበኛ የሆኑትን ሃምሳ አለቃ ወርቁን ጠቆመኝ። ኮሪያ ዘምተው እዚያ እርግጫ ተምረዋል አለኝ። አብሬው ሄድኩ።

«ጉልበቴን ያመኛል» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ሦስቴ እመታልሃለሁ። ከዚያ በኋላ አትለምነኝ።» የቡና ገለባ የሞላ ጆንያ ከቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠሉ።

የመጀመሪያው እርሳስ ስቀርጽ አመለጠኝ።

«ምን አየህ?»

«ምንም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ሁለት ቀረህ።»

በሁለተኛው ምት እግራቸው ላይ አፈጠጥኩ። ጉልበታቸው ታጥፎ ወጣ፤ ከዚያ እግሩ ጠፋብኝ፤ ዳግም ሳየው ጆንያው ላይ ነበር። በሦስተኛው እግሩን ተውኩት። የቆሙበት ተረከዝ ዞረ፣ ዳሌያቸው ቀደመ፣ ጆንያው መሃሉ ጎድጉዶ ወደ ኋላ ተወነጨፈ። ሃምሳ አለቃ ጉልበታቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አንጀቴን በሉት።

ዲላ ተመልሼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ለጉልበቱ መታጠፍ አራት ሥዕል ሰጠሁ። እግሩ ለሚወረወርበት አንድ ብቻ፣ እሱንም አደብዝዤ። የቀሩት ሰባቱ የተመታው ሰው ሆኑ፦ ሆዱ ሲገባ፣ ሲታጠፍ፣ ሲወድቅ።

ቅዳሜ አንዲት ቅቤ ነጋዴ በስንጥቁ ስታይ ቆይታ ድንገት ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ሳበች። የሳቀ የለም። ሐጂ ስለ አዋሳው ሠዓሊ ዳግም አላነሡም።

ሃምሳ አለቃም በገበያ ቀን መጥተው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «እኔ የመታሁት በቀኝ ነበር» አሉ። እኔ በግራ ነበር የሳልኩት። በማግስቱ ዐሥራ ሁለቱንም እንደገና ሳልኳቸው።

ለወጣት ሠዓሊዎች የምነግራቸው ይህን ነው፦ ያላያችሁትን ሄዳችሁ እዩ። ስታዩም የሚመታውን እግር ብቻ አትዩ፤ የቆመውን እግርና የተመታውን ሰው እዩ።