አንጁሎ አርፏል

አናጢው አንጁሎ እሁድን መፍራት ከጀመረ ሰነባብቷል። ለሰው አይናገርም፤ ሰንበትን የሚፈራ ክርስቲያን ማን ደስ ይለዋል? ቅዳሜ ሲመሽ ብቻ ጉልበቱን እያሻሸ ለሚስቱ ለዓባይነሽ "ነገ ደግሞ መቆም አለ" ይላታል። እሷም "አለ እንጂ" ትለዋለች። ሌላ ምን ትበለው።

መቆሙ የጀመረው እንዲህ ነው። ደርግ ወድቆ የጸሎት ቤቶች በተከፈቱበት ሰሞን፣ ጂንካ ውስጥ ከአውሮፕላን ሜዳው ጀርባ በአንዲት የሣር ቤት ጥቂት ሰዎች ይሰበሰቡ ነበር። የሚሰብኩት ጋሼ ተስፋሁን ናቸው፤ ከወላይታ ተመድበው የመጡ መምህር። አንደበታቸው ያማረ ነው፣ አሪኛ ግን አንዲት ቃል አያውቁም። ከሚሰሟቸው ግማሹ ደግሞ ከአሪ መንደሮች ወርደው የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ አማርኛቸው ገበያ ላይ ዋጋ ከመከራከር አያልፍም። አንድ እሁድ መምህሩ ከኋላ የነበረውን ወጣት አናጢ በጣታቸው ጠሩትና "አንተ ልጅ፣ ሁለቱንም ትችላለህ አሉ። ና እስቲ፣ የምለውን ለእናቶቻችን በአሪኛ በልልኝ፤ ለዛሬ ብቻ" አሉት። ይቺ "ለዛሬ ብቻ" ልጆቹን ድራ፣ ፀጉሩን አሽብታ፣ ጉልበቱን በልታ እስካሁን አላለቀችም።

በዚህ መሃል የሣር ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ፤ ቆርቆሮው ጠበበና በብሎኬት ተገነባ። ከገዘር በሚኒባስ፣ ከቀይ አፈር በአይሱዙ ሰው ይጎርፍ ጀመር፤ በእግሩ የሚመጣውማ ጤዛው ሳይረግፍ ደርሶ በር ላይ ይጠብቃል። መዘምራኑ ሁለት ቡድን ሆኑ፣ ቁም ሣጥን የሚያክል ሞንታርቦ ተገዛ። አግዳሚ ወንበሮቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሠራቸው አንጁሎ ነው፤ ተቀምጦባቸው ግን አያውቅም። ከጋሼ ተስፋሁን ጋር የሚያገለግለው ሰባኪ ተዛውሮ ሌላ ሲመጣ፣ ያም ሄዶ ሌላ ሲተካ፣ ከጎን የሚቆመው ያው እሱ ነው። ሰባኪ ሲደክመው ውኃ ይጎነጫል፣ ሰው "አሜን" ሲል ትንፋሹን ይሰበስባል። አስተርጓሚ በየት በኩል ይረፍ? ሰባኪው ዝም ሲል መናገር አለበት፣ እሱ ዝም ሲል ደግሞ መስማት አለበት።

ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ሙሉ ስብከት ሰምቶ አያውቅም። ሰው ቤቱ ሲገባ "ዛሬስ ቃሉ ልቤን ነካኝ" ይላል። አንጁሎ የዕለቱ ርዕስ ምን እንደነበር እንኳ አያስታውስም። በጆሮው ገብቶ በአፉ ይወጣል፤ በመሃል ለእሱ የሚተርፍ ፍርፋሪ የለም። ድግስ ላይ ሌላውን ሲያጎርስ እንደዋለ ሰው ተርቦ ነው ቤቱ የሚገባው።

አንዲት ነገር ግን አትረሳውም። ገና በሣር ቤቱ ዘመን ጋሼ ተስፋሁን "ተስፋ የነፍስ መልህቅ ነው" ብለው ቆም አሉ። መልህቅ ከመርከብ ላይ ወደ ባሕር የሚጣል ብረት መሆኑን አንጁሎ ትምህርት ቤት ተምሯል። ፊቱ የተቀመጡት እናቶች ግን ባሕር ይቅርና ከነሪ ወንዝ የሰፋ ውኃ አላዩም። ሁሉም አፍ አፉን ያየዋል። በላብ ተጠመቀና በአሪኛ "ተስፋ የነፍስ ካስማ ነው፤ በሬ ታስሮበት የሚያድር፣ ዝናብ ቢመጣ ጅብ ቢመጣ የማይነቀል" አላቸው። እናቶቹ "አሜን" አሉ፤ ጋሼ ተስፋሁንም ደስ ብሏቸው ቀጠሉ። እሱ ግን የእግዚአብሔርን ቃል በካስማ ለወጥኩት ብሎ ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣ። ለማንም አልተነፈሰም። ከዚያ ወዲህ መልህቅ በተነሳ ቁጥር ካስማው ይከተላል፤ አንዴ ከተተከለ በኋላ ምን ይደረግ።

ጋሼ ተስፋሁን ጡረታ ሲወጡ አገራቸው አልተመለሱም፤ ጂንካ ቀሩ። ጆሯቸው ቀስ በቀስ ከዳቸው። እሁድ እሁድ ከፊተኛው አግዳሚ ጠርዝ ላይ ይቀመጡና ባርኔጣቸውን ከጎናቸው ያኖራሉ። ሌላ ሰው ሊቀመጥበት ሲል "ሰው አለው" ይላሉ። ጉባኤው ሲበተን የአንጁሎን እጅ ይዘው "ቦታህን ይዤልሃለሁ። አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው አብረን ተቀምጠን እንስማ፣ ሳይመሽብኝ" ይሉታል። አንጁሎ ከቤተ ክርስቲያኑ የሚፈልገው ይቺን የባርኔጣ ቦታ ብቻ ነበር። ሽማግሌው እያረጁ ሲሄዱ እያየ፣ ሳልደርስበት ይቀራል ብሎ ይጨነቃል።

ታዲያ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ዘንድ ቀርቦ "ደከመኝ፣ ልረፍ" ባለ ቁጥር እጃቸውን ይጭኑበትና ብርታት እንዲጨመርለት ይጸልያሉ። ያንኑ ጉልበቱን ይዞ ይነሳል። በመጨረሻ አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሰባኪ ጠዋት የጀመረውን ቀትር ሲያሳልፈው፣ አንጁሎ ማይኩን እንደጨበጠ የመድረኩ ደረጃ ላይ ዝርፍጥ አለ። የቀረውንም ተቀምጦ ተረጎመው። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚሠራው የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ጸጋአብ "በቃ፣ ትጊ ትተካው" አለ። ትጊ ጂንካ ተወልዳ ያደገች መምህርት ናት፤ አማርኛዋ እንደ ውኃ ይወርዳል፣ አሪኛዋ ግን ከእናቷ ጓዳ ያልወጣ ነው። ስትፈራ አይቶ አንጁሎ "ከጋሼ ተስፋሁን ጎን፣ ፊት ለፊትሽ ነው የምቀመጠው። ቃል ሲጠፋሽ እኔን እዪ" አላት።

እሁድ ጠዋት ዓይኑን ገለጠና ዛሬ መቆም የለም ብሎ አሰበ። አሳቡ ራሱ እንደ ትራስ ተመቸው፤ ትንሽ ልጨምር ብሎ ከደነ። የዚያ ሁሉ ዓመት ድካም ይህን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል መሰል ተከመረበት። ዓባይነሽ ልትቀሰቅሰው ገብታ አፉን ከፍቶ ሲያንኮራፋ ብታየው አንጀቷን በላት። መስኮቱን ዘግታ፣ ዶሮዎቹን ከደጅ አባርራ፣ እሷም ቀረች።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጸጋአብ ለማስታወቂያ ተነሳ። ንግግር አሳምራለሁ የሚል ሰው ነው፤ ጦሱም ይኸው ነው። "የብዙ ዘመን አገልጋያችን ወንድም አንጁሎ ከድካሙ አርፏል" አለ። "ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ሕይወቱ እግዚአብሔርን ታመሰግናለች።"

ትጊ ወደ ፊተኛው አግዳሚ አየች። ከጋሼ ተስፋሁን ጎን ያለው ባርኔጣው ብቻ ነው። እመጣለሁ ብሎ የቀረ ሰው፣ "ከድካሙ አርፏል" የሚል ቃል፤ ልጅቷ ይህን አነጋገር ከቀብር ማስታወቂያ ሌላ የት ሰምታ ታውቃለች? ሌሊቱን ሄዷል አለች በልቧ። በአሪኛ ተናገረችው፤ የመረጠችው ቃል ደግሞ እረፍት የሚባል ነገር የሌለበት፣ ጥርት ያለ ሞት ነበር።

በሴቶቹ በኩል ዋይታው ተነሳ። አሪኛ የማያውቀው ጸጋአብ፣ አስተርጓሚያቸው ስለቀረባቸው ሆድ ባሳቸው ብሎ እሱም ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ "አዎ ወገኖቼ፣ ሁላችንም አዝነናል" አለ በማይኩ። ከዚህ በኋላ ማን ይጠራጠር? አማርኛ ሰሚውም ግራ ቀኝ ተያይቶ ማልቀስ ጀመረ። ጋሼ ተስፋሁን ምን ተፈጠረ ብለው ሲጠይቁ አንዱ በጆሯቸው "አንጁሎ አረፈ!" ብሎ ጮኸባቸው። ባርኔጣቸውን አንስተው፣ ራሳቸው ላይ ማድረጉን ረስተው ወጡ።

አንጁሎን የቀሰቀሰው በሩ ላይ የደረሰው ለቅሶ ነው። ጎረቤት ሞቶ ነው ብሎ ደነገጠ፤ ሰው ሲያለቅስ ተኝቶ መገኘቱም አሳፈረው። ጋቢውን ደርቦ፣ ፊቱን አኮሳትሮ ከለቀስተኞቹ ጋር ሊቀላቀል ወጣ። በር ላይ ለቆሙ አንዲት የገዘር እናት "እኔን! ማን ነው የሞተው?" አላቸው።

ሴትየዋ እዚያው ቁጭ አሉ። ከኋላ አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ ትጊ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ጸጋአብ ላብ በላብ ሆነ። የሰፈሩ እድር ድንኳኑን በባጃጅ ጭኖ ከተፍ ያለውም ያኔ ነው። ጋሼ ተስፋሁን በምርኩዝ እየተጎተቱ ዘግይተው ደረሱ፤ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። አንጁሎን ቆሞ ሲያዩት ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና እንደ ልጅ አለቀሱ። "ቦታህን ይዤልህ ነበር እኮ" አሉት። "ይዤልህ እያለ የት ሄድክ?" አንጁሎ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ይዞ ቀረ።

ድንኳኑ አንዴ ከመጣ አይመለስ ተብሎ ተተከለ። ለለቅሶ የመጣው ዳቦና የተቀቀለ ጎደሬ ወጣ፣ ጎረቤቷ ፈቲያ ሻይ በትልቅ ድስት አፍልታ አመጣች። ሰው በየተራ የአንጁሎን እጅ እየጨበጠ፣ ለቀብሩ ሊል ያሰበውን ለራሱ ነገረው። አንዷ በሣር ቤቱ የሰማችውን ጸሎት አነሳች፤ አንዱ "እኔ አማርኛ የሚሰብኩትን ስም አላውቅም፣ ያንተን ድምፅ ነው የማውቀው" አለው። አንጁሎ መቆሙን ያየለት ሰው ያለ አይመስለውም ነበር። አፈረ፤ ደስም አለው፤ ከሁሉ በላይ ግን ደከመው።

ሰው ሲቀልልለት ጸጋአብ ትጊን ይዞ ቀረበ። "ከዛሬ ወዲህ ማይክ አልነካም ብላለች" አለው። "ሌላ ሰው እስክናገኝ አንተ ብትመለስ፤ ለጊዜው ብቻ።"

ለጊዜው ብቻ። አንጁሎ ይቺን ያውቃታል። ልጅቷ እንባዋን ስትጠርግ አይቶ "እሺ" የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ቀና ሲል ጋሼ ተስፋሁን ከድንኳኑ ምሰሶ ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ባርኔጣቸው አሁንም እጃቸው ላይ ነው።

"በሚመጣው እሁድ እቆማለሁ፤ አለመሞቴን እናገራለሁ" አለ። "ከዚያ እቀመጣለሁ።" ወደ ትጊ ዞሮም "እኔም በልጅነቴ አንድ ቃል ለውጫለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ከአንቺ ግን ሳይብስ አይቀርም። ሰው መሳሳት ፈርቶ ዝም ካለ እናቶቻችን ምን ይስሙ?" አላት።

በሳምንቱ መድረክ ላይ ወጣ። "ደክሞኝ ተኝቼ ነው እንጂ አልሞትኩም" አለ በአማርኛ፤ በአሪኛም ደገመው፤ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ማይኩን ለትጊ ዘረጋላት። ልጅቷ አየችው፣ ማይኩን አየችው፣ ተቀበለች። እሱም ደረጃውን አንድ በአንድ ወርዶ ወደ ፊተኛው አግዳሚ ሄደ። ጋሼ ተስፋሁን ባርኔጣቸውን አነሱለት።

ተቀመጠ። የወንበሩ መደገፊያ ቀጥ ያለ ነው፣ ወገብ ይገፋል። ሰዉ ይህን ሁሉ ዘመን ችሎት ነው የኖረው ማለት ነው ብሎ በገዛ ሥራው ተናደደ። ሰባኪው ጀመረ። አንድ ዐረፍተ ነገር አለፈ፣ ሌላም አለፈ፤ ማንም ከአንጁሎ ምንም አልጠበቀም። ትከሻው ወረደ፤ ቃሉ ወደ ውስጥ ሲገባ ተሰማው።

"ምን አለ?" አሉ ጋሼ ተስፋሁን፣ ጆሯቸውን አስጠግተው።

አንጁሎ ተነፈሰ። ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው ነገራቸው። ትንሽ ቆይተው "አሁንስ?" አሉት። ነገራቸው። ሊቀመጥ መጥቶ ደግሞ ተቀምጦ አስተርጓሚ ሆነ። ይህን እያሰበ ሳለ ሰባኪው "ተስፋ የነፍስ መልህቅ ነው" አለና ቆም አለ።

አንጁሎ ትጊ ትጠይቀኛለች ብሎ ቀና አለ። ትጊ ግን ወደ እሱም አላየች። ከልጅነቷ ጀምሮ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ የሰማችውን፣ ሌላ አባባል ያለው የማይመስላትን፣ ያችኑ የበሬ ካስማ ከነዝናቡ ከነጅቡ በአሪኛ አወረደችው። እናቶቹ "አሜን" አሉ።

"ምን አለች?" አሉ ጋሼ ተስፋሁን።

አንጁሎ በድንጋጤ በአማርኛ መናገሩን ረሳ። ነገሩን በአሪኛ እንዳለ በጆሯቸው ጣለው፤ ምን እንዳደረገ የገባው ከጨረሰ በኋላ ነው። ይቅርታ ብሎ ሊያስተካክል ሲል ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር።

"ካስማዋ ናት?" አሉ።

"ጋሼ፣ አሪኛ...?"

"ይህን ያህል ዘመን ከጎንህ ቆሜ፣ ጆሮዬ እስኪደክም ስሰማ የኖርኩት ማንን መሰለህ?" ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። "እኔም እኮ ባሕር አይቼ አላውቅም።"