እንደ ሳጥን ተጭኜ የሞከርኩት ሞተር

የልጅ ልጄ ያንን ሞተር መጀመሪያ ያሳየችኝ ቀን ሳቅሁበት። እግሩ ረዝሞ፣ ሆዱ ተሰብስቦ፣ ሊዘል የተዘጋጀ አንበጣ ይመስላል። ቁመቱ ድንጋይ ለድንጋይ እንደሚሄዱት የገጠር ሞተሮች ነው፤ ጎማው ግን ሰፊና ልሙጥ፣ የከተማ ጎማ።

«ሱፐርሞቶ ይባላል፣ አኮ» አለችኝ። አኮ በእኛ በሐረሮች ዘንድ አያት ማለት ነው።

«ከላይ ገጠሬ፣ ከታች ከተሜ። ማንን ለማታለል ነው?» አልኳት።

አልሳቀችም። ዓይኗ ከሞተሩ አልተነሳም። ያኔ ነገሩ የምር መሆኑ ገባኝ።

ሥራዋ እንስሳት መከተብ ነው። ድሬ ጠያራ ወረዳ ውስጥ ካሉት መንደሮች የሚበዙትን የምታዳርሰው እሷ ናት። መድኃኒቱን በረዶ ባለበት ሳጥን ይዛ ከጀጎል ግንብ ትወጣለች፣ አስፋልቱ እስኪያልቅ በባጃጅ ትሄዳለች፣ ከዚያ ሳጥኑን ተሸክማ በእግሯ ዳገቱን ትያያዘዋለች። በረዶው ከቀለጠ መድኃኒቱ ይጣላል። ላሟን አስራ ከጠዋት ጀምሮ የጠበቀች ሴት «ሳምንት ተመለሽ» ስትባል ፊቷ ምን እንደሚመስል ልጅቷ ማታ ማታ ትነግረኝ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን እራት አትበላም። ለዚህ ነው ሞተር የፈለገችው። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ዓመት አልፏታል፤ የጓደኛዋን ሞተር እየተዋሰች እጇን አፍታታለች። ከተማው ውስጥ በአቅሟ የተገኘው፣ ዳገት ይወጣል ተብሎ የተመሰከረለትም ያ አንበጣ ብቻ ነበር።

የቀትሩን ዙሁር ሰግደን ከግንቡ ውጭ አስፋልቱ ዳር ወዳለው ሱቅ ሄድን። ሻጩ ጎልማሳ ነው፣ ፊቱ ፈገግታ ያለው፣ ምላሱ የለሰለሰ።

«ወንድሜ፣ ልሞክረው» አለችው።

«ምን ችግር አለ! እኔ እነዳለሁ፤ አንቺ ከኋላ ሆነሽ ታይዋለሽ።»

«ከኋላ ሆኜ ምኑን ነው የማየው? ጀርባህን?»

አጠገቡ ያለው ጎማ ጠጋኝ ሳቀ። ሻጩም አብሮ ሳቀ፤ ቁልፉን ግን ኪሱ ከተተ። «እህቴ፣ ይሄ ረጅም ነው። እግርሽ መሬት አይነካም። ብትጥይውስ?»

ያኔ እኔ ገባሁ። «ልጄ፣ ከእኛ በፊት የሞከረው ሰው አለ?» አልኩት።

«አለ፣ ማዘር። ጠዋት አንድ ሰውዬ ሞክሮት ወዶታል። ከዐስር ሰላት በኋላ እመለሳለሁ ብሏል፤ ቶሎ ብትወስኑ ነው የሚሻለው።»

«እሱንም ከኋላህ አስቀምጠህ ነው ያሳየኸው?»

«እ… አይ፣ እሱ ራሱ ነው የነዳው።»

«ምን አስይዞ?»

«መታወቂያውን።»

«በይ መታወቂያሽን ስጪው» አልኳት።

እኔ ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ቅመም ስሸጥ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። ድንብላል የሚገዛ ሰው አንድ ፍሬ አንስቶ ይነክሳል። ሔል የሚገዛ ፈልቅቆ ያሸታል። ሀብታም ቢሆን፣ ከገጠር የመጣች ሴት ብትሆን፣ ሳይገዛ የሚሄድ መሆኑን ባውቅም እንኳ፣ እጁን ከጆንያዬ መልሼ አላውቅም። ለአንዱ አስነክሼ ሌላውን «እኔ ነክሼ ልንገርህ» ካልኩ ንግዱ ንግድ አይደለም። ይህንኑ ለሻጩ ነገርኩት። ምናልባት ትንሽ ጮክ ብዬ ነግሬው ይሆናል፤ ባጃጅ ነጂዎች ሁሉ ሞተራቸውን አጥፍተው ያዳምጡ ነበር።

«ማዘር፣ ቀስ ይበሉ…»

«ማዘር አትበለኝ። ማዘር ካልከኝ ልጄን አምነህ ቁልፉን ስጣት። ካልሆነ ደግሞ ያን ሰውዬም ጥራውና ከኋላህ አስቀምጠው።»

ጎማ ጠጋኙ «ኧረ ስጣትና ይገላግሉህ!» አለ። ሻጩ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

ግን አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። የልጅ ልጄ ይህን ሞተር ብቻዋን አይደለም የምትነዳው፤ በረዶ የሞላ ሳጥን ከኋላ አለ። ባዶውን አደባባይ ዞሮ የተመለሰ ሞተር ዳገት ላይ ሳጥን ይዞ ምን እንደሚሆን በምን ይታወቃል?

«ሳጥኑን የምሆነው እኔ ነኝ» አልኩ።

«እግዜር ያሳይዎት እናቴ፣ ዕድሜዎ!» አለ ሻጩ።

«ዕድሜዬን አይደለም የምትጭነው፣ እኔን ነው።»

ልጅቷ ራሷን ይዛ ሳቀች። እኛ የሐረር ሴቶች ከቀሚሳችን ሥር ሱሪ መልበስ ልማዳችን ነው፤ ስለዚህ ፈረሰኛ መስዬ ለመቀመጥ የሚያሳፍረኝ ነገር አልነበረም። ችግሩ መውጣቱ ነው። ጎማ ጠጋኙ የለስላሳ ሳጥን አምጥቶ አስረገጠኝ፤ ሻጩ ሁለት ሄልሜት አዋሰን። እሷ ፊት ስትቀመጥ እውነትም እግሮቿ ተንጠለጠሉ። ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? ወገቧን ወደ ግራ ሸርተት አድርጋ በአንድ እግሯ መሬቱን አገኘችው። ወደ ሻጩ ዞርኩና «ነካች!» አልኩት።

ቢስሚላህ ብለን ወጣን።

አስፋልቱ ላይ የሆነውን እንዴት ብዬ ልጻፈው? ሆዴ መጀመሪያ ወደ ኋላ ቀረ፣ ከዚያ ደረሰብኝ። ነፋሱ ሻሼን ከሄልሜቱ ሥር እየመዘዘ ያወጣዋል። ከባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሁልጊዜ የማየው የሰው ወገብ ነበር፤ ከዚያ ላይ ሆኜ ግን የአጥሩን ማዶ፣ የጭነት መኪናውን ጣራ፣ ሁሉን አየሁ። ጎረቤቴ የሆነች ማንጎ ሻጭ አወቀችኝና «ወየው ጉዴ! ወዴት ናት?» ብላ ስትጮህ ሰማሁ። መልስ ልሰጣት አፌን ብከፍት ነፋስ ሞላበት። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም። የልጅ ልጄን ሆድ ጥብቅ አድርጌ ስለያዝኩ ሳቄ በጀርባዋ ሲያልፍ ይሰማት ነበር መሰለኝ፣ እሷም ትንቀጠቀጥ ነበር።

አስፋልቱ አልቆ ወደ ድሬ ጠያራ መንደሮች የሚወጣው ጠጠር መንገድ ላይ ገባን። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ መታጠፊያ አለ። ጥፋቴን የሠራሁት እዚያ ላይ ነው።

በወጣትነቴ ከገበያ ገበያ የምሄደው በጭነት መኪና፣ ከጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበር። እኛ ነጋዴዎች ሁላችንም የምናውቃት አንዲት ዘዴ ነበረች፤ መኪናው ወደ ግራ ሲያዘነብል ሁሉም ወደ ቀኝ ይደገፋል። እንዲያ ነው ሳንገለበጥ የኖርነው። ሞተሩ መታጠፊያው ላይ ወደ ግራ ሲያዘነብል ሰውነቴ ማንንም ሳይጠይቅ በሙሉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ሄደ።

«አኮ! አትደገፊ!» አለች።

ወደቅን። አወዳደቁ እንኳ አያሰጋም፤ ፍጥነት አልነበረንም። እኔ የጫት ማሳው ዳር ለስላሳ አፈር ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷ በጉልበቷ፤ ሞተሩ በጎኑ። ተያየን። «ተጎዳሽ?» «አንቺስ?» ተባባልን፤ ከዚያ ደግሞ ሳቅ ያዘን።

ሞተሩን ስናነሳው ሳቃችን ቆመ። የቀኙ ስፖኪዮ ተሰንጥቋል፤ የመሪው ጫፍ ተፍቋል።

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። «አለቀ» አለች። «ትጥለዋለች ብሎ ነበር፤ ጣልኩት። አሁን ለእኔ አይሸጥልኝም።»

«የጣልኩት እኔ ነኝ።»

«ማን ያምናል አኮ? ስፖኪዮውን ወደ ውስጥ ብናዞረው አይታይም። ፍቀቱን በአፈር…»

ብቻ ይህን ስትል ራሷም አፈረች፤ አልጨረሰችውም። እኔም አልተቆጣኋትም። «እኩል አስሞክረን ብዬ አስፋልቱን ሁሉ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «አሁን የሆነውን ደብቄ የት እቆማለሁ? እነግረዋለሁ። ግን የመጣነው ለዳገቱ ነው፤ ሳናየው አንመለስም።»

«እሺ፤ በቃ ሳጥን ነኝ ካልሽ ሳጥን ሁኚ። ሳጥን አይደገፍም፤ እኔ ወደ ሄድኩበት ይሄዳል።»

በሕይወቴ እንደዚያ ታዝዤ አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ጀርባዋ ላይ ተለጠፍኩ፤ ስታዘነብል አዘነበልኩ። ሞተሩ ያንን ዳገት አጉረመረመበት እንጂ አልተለማመጠውም። ልሙጡ ጎማ አንድ ሁለቴ ሸርተት ሲል እሷ ለቀቅ፣ ያዝ እያደረገች አለፈችው። አናቱ ላይ ስንደርስ መንደሩ ከፊታችን ነበር። በእግሯ ስትመጣ ግማሽ ቀን የሚፈጅባት ቦታ ነው። ውኃ ቀድታ የምትመለስ ሴት አወቀቻትና «ዛሬ ነው እንዴ ክትባቱ?» አለች። «አይደለም፤ ከእንግዲህ ግን አይቀልጥም፣ ኢንሻአላህ» አለቻት። ያን ስትል የነበራትን ፊት አየሁና፣ ያ ሰውዬ ሞተሩን ከወሰደው ይህ ፊት ምን ሊሆን ነው ብዬ ልቤ ደነገጠ።

ስንወርድ የኋላ ጎማው ካቴና ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማች፤ የኋላ ፍሬኑም ዘግይቶ ድንገት እንደሚይዝ አወቀች።

ሱቁ ስንደርስ የዐስር ሰላት ገና ነበር። ሳልወርድ፣ እዚያው ላይ ተቀምጬ ነገርኩት። «ወድቋል። የጣልኩት እኔ ነኝ፤ አትደገፊ በተባልኩበት ተደግፌ። ሞተሩን ገዛንም አልገዛንም ስፖኪዮውን እንተካለን።»

«ብያችሁ ነበር!» ብሎ ራሱን ያዘ። «አላልኩም? ሰዎች፣ አላልኩም?»

የልጅ ልጄ ግን ጎንበስ ብላ ካቴናውን በጣቷ አነሳችለት። «ይሄ ላልቷል፤ የኋላ ፍሬኑም መስተካከል አለበት። የጠዋቱ ሰውዬ አልነገረህም?»

ጎማ ጠጋኙ መጥቶ ካቴናውን ነካ። «እውነቷን ነው» አለ። ሻጩ አንዴ እሷን፣ አንዴ ካቴናውን አየ። ከዚያ መፍቻ አምጥቶ ራሱ አጠበቀው፣ ፍሬኑንም አስተካከለው። ሲጨርስ እጁን ጠራረገና «ይህን ያህል ካወቅሽውማ ላንቺ ይገባል። ውሰጂው» አላት።

እጇን ስትዘረጋ እጇን ያዝኩት።

«ሰውየው ከዐስር በኋላ እመለሳለሁ ብሏል አላልክም?» አልኩት። በእኛ ገበያ እንዲህ ብሎ የሄደ ሰው ዕቃ እስከ ቃሉ ሰዓት አይነካም። ሰላት ወጥቶ ከቀረ የራሱ ጉዳይ ነው። እኔ ለስንቱ የእርድ ጆንያ አቆይቻለሁ።

«አኮ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንቺ የማን ጠበቃ ነሽ?»

«ዛሬ የእሱም።»

ልጅቷ የሱቁ ደረጃ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። አዛን ተሰማ። ሰግጄ ስመለስም አልዞረችም። እንዲያ ስትሆን ደግሞ ከኋላ ሳያት አንገቷ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች የነበራት አንገት ነው። ያ ረቢ፣ ሰውየው መንገድ ይሳተው ብዬ ለመለመን ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አገኘሁትና ነከስኩት።

ሰውየው መጣ። ረጅም፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ሞተሩን እየዞረ አየው፤ ስፖኪዮው ላይ ቆመ። ሻጩ እኔን አየ።

«ከእርስዎ በኋላ ወድቋል» አልኩት። «የጣልኩት እኔ ነኝ። ካቴናውም ላልቶ ነበር፤ አሁን ጠብቋል። ከዚያ በቀር ዳገት ይወጣል፤ ጎበዝ ነው።»

«እርስዎ? ይህንን ሞተር?»

«እኔ።»

ሳቀ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ሞተሩን እንደገና ዞሮ አየው። «የወደቀ ሞተር ልቤ አይቀበለውም» አለ በመጨረሻ። «ወድቆ ያነሳው ይንዳው።» ሰላም ብሎን ሄደ።

የልጅ ልጄ ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ጎማ ጠጋኙ «ይቺ ሴትዮ አውቃ ነው የጣለችው!» ብሎ ጮኸ፤ ባጃጅ ነጂዎቹ አጨበጨቡ። ሻጩ ቁልፉን ለልጅቷ እየሰጠ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሆን ብለው ነው አይደል?» ወላሂ አይደለም አልኩት። አላመነኝም። እስከ ዛሬ ድረስ ገበያ ውስጥ ግማሹ ሰው አያምነኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ ቀስ ብላ ነው የነዳችው። በሩ ጋ ስንደርስ አጠፋችውና ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«ቢወስደውስ ኖሮ፣ አኮ?»

«አለቅስ ነበር» አልኳት። «እሱ ከሄደ በኋላ።»