አውራው እንቁላል ጣለ

ጎረቤላ በምትባለው መንደራችን፣ ጓሮዬ ውስጥ የሳጥን ቀፎ ያስቀመጥኩ ቀን፣ ዕድሜ ልካቸውን ንብ ሲያንቡ የኖሩት ጎረቤቴ ሽማግሌ በአጥሩ ብቅ ብለው «ንብ የሴት እጅ አይወድም» አሉኝ። ነገሩ ከነከነኝ።

የመጀመሪያው መንጋ ገብቶ በሁለተኛው ቀን ጥሎኝ ሄደ። ጥፋቱ የእኔው ነው። እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ቀፎውን በሳሙና ፈትጌ አጥቤው ነበር፤ ንብ ደግሞ የሳሙና ሽታ አይችልም። ሽማግሌው «አላልኩሽም?» አሉ። እልህ ያዘኝ። ሳጥኑን ፀሐይ ላይ አናፍሼ፣ በወይራ አጥኜ፣ ውስጡን ሰም ቀባሁት።

መስከረም ላይ ሌላ መንጋ ከደጃፌ ጽድ ላይ አረፈ። በነጠላ ተሸፋፍኜ ቅርንጫፉን ቅርጫት ውስጥ አራገፍኩና ቀፎው አፍ ላይ ደፋሁት። ተግተልትለው ገቡ፤ በዚያው ቀሩ።

ከወር በኋላ ሽማግሌውን ጠርቼ አንዱን የማር እንጀራ ከነእንጨት ክፈፉ አወጣሁላቸው። ረጅሟን ንብ ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«አውራው ይኸውና። ንጉሡ እሱ ነው፤ ሁሉም የሚያድረው ለእሱ ነው።»

«ትንሽ ይታገሱ፣ አባባ» አልኳቸው።

ንቧ ጭራዋን አንዷ ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ከተተች። ስታወጣው ከታች የክር ቁራጭ የምታክል ነጭ እንቁላል ቆማለች። በእበት በተመረገው በእሳቸው ቀፎ ውስጥ ይህ ታይቶ አያውቅም።

«ንጉሥ እንቁላል ይጥላል እንዴ?» አልኩ።

ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት የቤቴን በር አንኳኩ።

«ልጄ፣ የእኔንም መጥተሽ እይልኝ።»