ፋብሪካው ዳነ፣ ዋሱ ቀረ

እናቴ ከልጅነቴ ጀምራ «ይቺ ልጅ መርማሪ ፖሊስ ሆና መፈጠር ነበረባት» ትላለች። አልዋሸችም። ባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ስልኩ ላይ የሚያነበውን አብሬው አነባለሁ፤ ገጹን ቶሎ ካለፈብኝም እናደዳለሁ። የምሠራው ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ለአውሮፕላን ተሳፋሪዎች ምግብ የሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ነው። ትሪ ላይ ዳቦና ቅቤ ስደረድር፣ ይሄኛውን ማን ይበላው ይሆን፣ ወዴትስ እየሄደ ነው እያልኩ ስለማስብ እጄ ይዘገያል፤ ሱፐርቫይዘሯም ትጮህብኛለች። ስለዚህ ለንደን፣ ሃርልስደን ውስጥ ከእኛ ጋር ግድግዳ በሚጋሩት ህንዳዊ ጎረቤታችን ደጃፍ ላይ «ለሽያጭ» የሚል ሰሌዳ ተተክሎ ባየሁ ቀን፣ ቤቴ ሳልገባ የእሳቸውን ደወል ደወልኩ።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ናቸው። ልጅ የላቸውም፤ ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። እንደ ሰፈሩ ልማድ «አንክል» እላቸዋለሁ። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፣ እሳቸው አማርኛ አይችሉም፤ ሆኖም በጓሮ አጥር በኩል ሲግባቡ ላየ ሰው አብረው ያደጉ ይመስሉታል። እሳቸው ያበቀሉትን ቃሪያ ያቀብሏታል። እሷ ደግሞ ሥጋ እንደማይበሉ ካወቀች ወዲህ ሽሮና ምስር በሳህን ታቀብላቸዋለች። ሳህኑ ባዶውን ተመልሶ አያውቅም።

«አንክል፣ ቤቱን ለምን ይሸጡታል?» አልኳቸው በሩ ላይ እንደቆምኩ።

«ዋስ ስለነበርኩ» አሉ። ከዚያ አስገብተው ሻይ አፈሉልኝና ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አጫወቱኝ።

ታናሽ ወንድማቸው ምዕራብ ህንድ ውስጥ የሴራሚክ ፋብሪካ ነበራቸው። እኛ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ያሉት ሰማያዊ ሴራሚኮችም ከዚያው የመጡ ናቸው፤ ለራሳቸው ቤት ካስመጡት የተረፈውን ካርቶን ነው የሰጡን። ፋብሪካው ከባንክ ሲበደር ባንኩ የቤተሰቡን የግል ዋስትና ጠየቀ። አንክል ያኔ ለጉብኝት እዚያ ነበሩና ፈረሙ። ዓመታት አለፉ፤ ፋብሪካው መክፈል አቃተው፤ ባንኩም የከሰሩ ኩባንያዎችን ጉዳይ የሚያይ ፍርድ ቤት ወሰደው። እዚያ አንድ ሌላ ባለሀብት የማዳኛ ዕቅድ አቅርቦ ፋብሪካውን ተረከበ። ባንኩ ካበደረው ላይ የተወሰነውን አገኘ፣ የቀረውን ከዋሱ እየጠየቀ ነው።

«ቆይ፣ ቆይ» አልኩ። «ፋብሪካው ዳነ ነው የሚሉኝ?»

«ዳነ። ምድጃው እየነደደ ነው፣ ሠራተኞቹም ተመልሰዋል። በሩ ላይ ያለው ስም እንኳ አልተቀየረም።»

«ተበዳሪው ከዳነ ዋሱም ዳነ ማለት ነዋ!»

ከልባቸው ሳቁ። «እኔም ለጠበቃዬ ያልኩት ይህንኑ ነው።»

ጠበቃው ያስረዳቸው እንዲህ ነው። ኩባንያው በኪሳራ ፍርድ ቤት እጅ እስካለ ድረስ ባለገንዘቦቹ እንዳይነኩት ሕጉ ይከልለዋል፤ ሆስፒታል ተኝቶ ጠያቂ እንደተከለከለ በሽተኛ ማለት ነው። ዋሱ ግን ኮሪደሩ ላይ ነው የቆመው፤ እሱን የሚከልለው የለም። በሽተኛው ድኖ ሲወጣም የዋሱ ዕዳ አብሮ አይሰረዝም። ባንኩ በገዛ ፈቃዱ ተበዳሪውን ምሮት ቢሆን ኖሮ ዋሱም ነፃ በወጣ ነበር። እዚህ ላይ ግን የተበዳሪው ዕዳ የተቀነሰው በሕግ ሂደት እንጂ በባንኩ ምሕረት ስላልሆነ፣ ዋሱ ባለበት ይቀራል።

«ለምን ፈረሙ?» አልኳቸው። ከገባሁ ጀምሮ ልጠይቃቸው የፈለግኩት ይህን ነበር።

«ባንኩ ስለጠየቀኝ» አሉና ባዶ ኩባያዬን አነሱ።

ለእናቴ ስነግራት ማንኪያዋን አስቀመጠች። ዋስ የሚለው ቃል እኛ ቤት እንደ ዋዛ አይነሳም። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። የእህቱ ልጅ ዕቃ ግምጃ ቤት ሊቀጠር ሲል ተያዥ አምጣ ተባለና አባቴ ሄዶ ፈረመለት። ልጁ ዕቃ አጉድሎ ድንበር ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ልጅነቴን ሙሉ የአባቴ ደሞዝ እየተቆረጠ ነው የመጣው። ወሩ ሊያልቅ ሲል ቤቱ ጭር ይላል፤ አባቴ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ፊቱን ይሸፍናል፤ የአንዳችን ጫማ ለሌላችን ይተላለፋል። ስለ ሁሉም ነገር የምጠይቀው እኔ፣ አባቴን ለምን እንደፈረመ አንድም ቀን ሳልጠይቀው ሞተ። ጋዜጣውን ሳይ አፌ ይያዝ ነበር። ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቴን ጥያቄ በአጥር ወደዚያ፣ የአንክልን መልስ ወደዚህ ማመላለስ ሥራዬ ሆነ። «መጀመሪያ ተበዳሪውን ያዙ ማለት አይችሉም ወይ በያቸው።» አይችሉም፤ የዋሱ ኃላፊነት ከተበዳሪው እኩል ነው፣ ባንኩ ደስ ያለውን አስቀድሞ መያዝ ይችላል። «ህንድ ያለ ባንክ ለንደን ያለን ቤት ምን ያደርጋል በያቸው።» ጊዜና የጠበቃ ወጪ ይጠይቀዋል እንጂ እዚህም ድረስ ሊከተላቸው ይችላል፤ አንክል ደግሞ የቀራቸውን ዕድሜ በር በተንኳኳ ቁጥር እየደነገጡ መኖር አልፈለጉም። በእሳቸው ላይም እንደ ዋስነታቸው ህንድ ውስጥ ለብቻው የኪሳራ ጉዳይ ተከፍቷል። አንድ ባለሙያ ያላቸውንና የሌላቸውን እያጣራ ነው፤ ይህ እስኪያልቅ ማንም አይነካቸውም። በዚህ መሀል ቤቱን ሸጠው የሚከፍሉበትን ስምምነት አቅርበዋል።

«ከፍለው ሲጨርሱስ?» አለች እናቴ። «ፋብሪካውን ዞረው አይጠይቁም? ለእሱ አይደል እንዴ የከፈሉት?»

ይህን ስጠይቃቸው አንክል ቃሪያ መልቀማቸውን ትተው ቀና አሉ። አይጠይቁም። ፍርድ ቤቱ ባጸደቀው ዕቅድ መሠረት አዲሱ ባለቤት ፋብሪካውን የወሰደው ከድሮ ዕዳ ሁሉ ነፃ አድርጎ ነው፤ የከፈለ ዋስም ከበሩ ውጭ ይቀራል። እናቴ ይህን ስትሰማ «እንዴ!» አለችና የታጠበ ሳህን ደግማ ማጠብ ጀመረች። እንደዚያ ስታደርግ አባቴን እያሰበች እንደሆነ አውቃለሁ።

እኔ ግን ነገሩ ያዘኝ። ሥራ ስሄድም ስመለስም ባስ ውስጥ የህንድ ጠበቆች የሚያስረዱበትን ቪዲዮ በጆሮ ማዳመጫ አየሁ። ባለቤቶች በኩባንያው ስም ተበድረው፣ ኩባንያውን አስምጠው፣ እነሱ በሰላም እንዳይኖሩ ነው ሕጉ ዋሶችን አጥብቆ የያዘው። ይህ አሳማኝ ነው። ግን ሌባውን ለመያዝ በተጣለው መረብ ውስጥ ጡረተኛ ፋርማሲስት ሲገባስ? ደግሞ እንደዚህ ዓይነት ዋሶች ባይኖሩ ባንኩ አያበድርም ነበር፣ ፋብሪካውም ከመጀመሪያው አይኖርም ነበር። ባገላበጥኩት ቁጥር ይበልጥ እየገባኝ፣ በገባኝ ቁጥርም ይበልጥ እያናደደኝ መጣ። አንድ ቀን ቀና ስል አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አብሮኝ ያያል። አላባረርኩትም፤ ስልኩን ወደ እሱ ዘንበል አደረግኩለት።

«ለምን ፈረሙ?» ብዬ ደግሜ ስጠይቃቸው አንክል «ታናሼ ነው» አሉ። ሌላ ቀን ስጠይቃቸው «የባንኩ ሰው ብዕር በጣም ጥሩ ነበር» ብለው ሳቁብኝ። አንዱም መልስ አላጠገበኝም።

ቤቱ ገዢ ካገኘ በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ሽበታም ሰው የአንክልን በር ሲያንኳኩ በመስኮት አየሁ። ዝናብ ይጥላል። የአንክል መጋረጃ ገለጥ ብሎ ተመለሰ፣ በሩ ግን አልተከፈተም። ሰውየው ማን እንደሆኑ ወዲያው አወቅኩ፤ ያው የአንክል አፍንጫ ነው። ታናሽየው ከህንድ መጥተዋል። እናቴ እኔን ሳታማክር በራችንን ከፍታ በእጇ ጠራቻቸው። ካፖርታቸውን ማሞቂያው ላይ አሰጣችና ጾም ስለነበር የተሠራውን ሽሮ አቀረበችላቸው። እየበሉ ቀና ሲሉ ግድግዳውን አዩ፤ ተነሥተው ሰማያዊውን ሴራሚክ በጣታቸው ዳሰሱት።

«የእኛ ነው» አሉ። «ማለቴ፣ ነበር።»

እሳቸውም እንደ ወንድማቸው ዋስ ነበሩ። ያላቸውን ሁሉ አስረክበው አሁን የሚኖሩት ልጃቸው ጋር ነው። ወንድማቸው ስልካቸውን ማንሳት ካቆሙ ቆይተዋል። ይህን ሁሉ መንገድ የመጡት አንድ ቃል ለመናገር ነው፤ ይቅርታ ለመጠየቅ።

ይህን ስተረጉምላት የእናቴ ዓይን በራ። «ሽማግሌ መላክ ነዋ!»

«እማዬ፣ ህንዶች ናቸው እኮ። የራሳቸው ደንብ አላቸው። ደግሞ ይሄ ሊጋል ኬዝ ነው።»

«ወንድምና ወንድም አይታረቁም የሚል ደንብ የት አገር ነው ያለው?» አለችና ስልኳን አነሳች።

በማግስቱ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የቤተ ክርስቲያናችን አንጋፋ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ኮታቸው ላይ ደርበው መጡ። አገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች፤ እኔ በአስተርጓሚነት፣ ታናሽየው ከኋላችን ሆነን ሄድን። አንክል በሩን የከፈቱት እናቴን አይተው ነው፤ በእሷ ላይ በር መዝጋት አይሆንላቸውም። ወንድማቸውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ያኔ ግን ገብተን ነበር።

ሳሎኑ በካርቶን ተሞልቷል። ሽማግሌው ቆመው ንግግራቸውን ጀመሩ፤ ብዙ ከተናገሩ በኋላም ገና ስለ ሰው ልጅ አፈጣጠር ነበሩ። እኔ አሳጥሬ እተረጉማለሁ። በመጨረሻ ወደ ታናሽየው ዞረው «እንግዲህ የበደለ እግር ስሞ ይቅርታ ይጠይቅ» አሉ። ተርጉሜ ሳልጨርስ ታናሽየው ጎንበስ ብለው የወንድማቸውን እግር ያዙ። ለካ እነሱም ዘንድ እንደዚያ ነው። እናቴ በኩራት ገላመጠችኝ።

አንክል እግራቸውን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰቡ።

«ይቅርታ አትበለኝ!» ብለው ጮኹ፤ በእንግሊዝኛ፣ እኛም እንድንሰማ መሰለኝ። «በር ያልከፈትኩልህ ይህን እንዳትለኝ ብዬ ነው!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ለምን ፈረሙ እያልሽ ስታደክሚኝ አልነበር? አሁን ንገሪያቸው። አባታችን ሲሞት ሁለታችንም ተማሪዎች ነበርን። እሱ ከእኔ ይበልጥ ጎበዝ ነበር። አቋርጦ ጡብ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ እኔ እዚህ መጥቼ የተማርኩት በእሱ ገንዘብ ነው። አንድ ቀን እንኳ አንሥቶብኝ አያውቅም። ያን ዕለት፣ ባንክ ውስጥ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ለመነኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አታውቂም። አሁን ይቅርታ ካለኝ በድሎኛል ማለት ነው። አልበደለኝም። የምከፍለው የእሱን ዕዳ አይደለም፣ የራሴን ነው።»

ተረጎምኩ። ታናሽየው ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ እንደ ሕፃን አለቀሱ። አንክል ክንዳቸውን ይዘው አነሷቸውና ሚስታቸው ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። እዚያ ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦ አይቼ አላውቅም። ሽማግሌው ንግግራቸው ስላላለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ታርቀዋል፤ ይቀመጡ» አለቻቸው እናቴ።

እርቁ ቤቱን አላዳነም። ባንኩ ስምምነቱን ተቀበለ፣ የቤቱም ገንዘብ ወደዚያ ሄደ። ታናሽየው ካርቶን ሲያስሩ ሰንብተው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ወንድማማቾቹ አሁን በየቀኑ በቪዲዮ ይጨቃጨቃሉ። አንክል ኬንቲሽ ታውን ውስጥ፣ ከአንድ ሱቅ በላይ፣ አንዲት ክፍል አገኙ። የኪራይ ኤጀንቱ ግን ጡረታቸውን ቼክ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። «ጋራንተር ያስፈልግዎታል» አላቸው፤ ዋስ ማለቱ ነው። «እዚህ አገር ደሞዝ ያለው ሰው።»

እኔ ያን ቀን ከሥራ ኦፍ ስለነበርኩ አብሬያቸው ነበርኩ። አንክል ወደ እኔ አላዩም፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የባቡር ካርታ ማጥናት ጀመሩ።

«እኔ አለሁ» አልኩ።

«አይሆንም!» አሉ በቁጣ። «ከሰው ሁሉ አንቺ? ዋስ ምን እንደሆነ ያን ሁሉ ካስተማርኩሽ በኋላ?»

ወረቀቱን ተቀብዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። የህንድ ሕግ አይደለም፤ ግን መስመሮቹን እንደ ድሮ ጎረቤት አወቅኳቸው። እሳቸው ካልከፈሉ እኔ እጠየቃለሁ። ኪራዩ ቢጨምርስ? ውሉ ቢታደስስ? ኤጀንቱን አንድ በአንድ ጠየቅኩት፤ ግማሹን እሱም አያውቀውም፤ ደውሎ አጣርቶ እስኪነግረኝ ጠበቅኩ። ከዚያ ብዕሩን አነሳሁ። እጄ ይከብደኛል፣ አባቴም ያን ጊዜ የተሰማው ይሄ ነበር እላለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። ራሴን አዳመጥኩ። ምንም ክብደት የለም። ያገኘሁት ደስታ ብቻ ነው፤ የሚያስቅ፣ ሞኛሞኝ ደስታ። ጨርሼ ቀና ስል አንክል መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ ነበር።

ቤት ስደርስ እናቴ ወጥ ቤት ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«ምን ያስቅሻል?» አለችኝ።

ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ በሩን ተደግፌ ቆምኩ። ቀና ብላ ፊቴን ብዙ አየችው።

«አባትሽም ያን ቀን ፈርሞ ሲመጣ እንዲሁ እየሳቀ ነው የገባው» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።