እህቴ አዳራሹ ውስጥ የሰማችው

በረኪና ሲሸተኝ ልቤ ድንግጥ ይላል። አሁን ደሴ ነው የማስተምረው፤ ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤቱን ወለል ሲያጥቡ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲሰነፍጠኝ የምትታየኝ እህቴ ናት። ካርቱም፣ ዴም ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ከሥራ ገብታ እንደ ሱዳን ሴቶች የተጠመጠመችውን ረጅም ነጠላ፣ ቶቧን፣ ስትፈታ።

እህቴ ሪያድ በሚባለው የካርቱም የሀብታም ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ታጸዳ ነበር። የቤቱ ማዳም ወዳታለች። የውጭ አገር እንግዳ ስለሚበዛባት፣ "እንግሊዝኛ ላስተምርሽ፣ እኔ እከፍላለሁ" አለቻት። እህቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? "እኔስ አለፈኝ፤ ለታናሽ እህቴ ይሁንልኝ።" ማዳሟ ለማታውቃት ልጅ ዝም ብላ አትከፍል ነገር፣ ተደራደሩ። እህቴ የጁምዓ እረፍቷን ሰጠች፤ እኔ ትምህርት ቤት ገባሁ። ገና ልጅ እግር ነበርኩ። ጁምዓ ጠዋት አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ስትወጣ አያታለሁ እንጂ አንድ ቀን እንኳ አልከነከነኝም።

ትምህርቱ ሲያልቅ አንደኛ ወጣሁ። አስተማሪያችን፣ የሚሸለም ሰው እንግዶች ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል አለና አራት ቃል ሰጥቶ ከእነሱ አንዱን ምረጪ አለኝ። አመሻሽ ላይ እህቴ ሽንኩርት እየከተፈች፣ "እስቲ ለእኔም አስረጂኝ" አለች።

"'ዊን' ተወዳድሮ ማሸነፍ ነው። 'አቺቭ' ካሰቡት መድረስ። 'ዲዘርቭ' ለነገሩ የተገባ መሆን። 'ኧርን' ደግሞ ለፍቶ፣ በላብ ማግኘት።"

"ኧርን" አለች ቢላዋዋን አቁማ። "ወላሂ ይቺ ታምራለች። የእኔስ የትኛዋ ናት?"

"ያንቺን ገና አልተማርነውም!"

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ምነው አፈር በበላሁ።

የሽልማቱ ቀን አዳራሹን ሽቶ አውዶታል። የክፍል ጓደኞቼ የደህና ሰው ልጆች ነበሩ፤ እህቴ ሰው ቤት እንደምትሠራ ነግሬያቸው አላውቅም። እሷ በቀጥታ ከሥራ መጥታ ከኋላ ቆማለች፣ የተላላጠ እጇን ቶቧ ውስጥ ሸሽጋ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ ቶሎ ብዬ ዞር አልኩ። ከዚያ መድረክ ላይ ወጣሁና በእንግሊዝኛ፣ "ይህን ሽልማት ለፍቼ ነው ያገኘሁት" አልኩ። "ኧርን" የምትለዋን መረጥኳት። ከአራቱ ትልቅ ሰው የምታስመስለኝ እሷ ነበረች። ስለ እህቴ ትንፍሽ አላልኩም። ጭብጨባው ሲቀልጥ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ።

ስንመለስ ራክሻው ላይ፣ እዚያ ባጃጅን እንዲህ ነው የሚሉት፣ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

"ስለ እኔ ነገርሻቸው አይደል?"

"እ?"

"ያቺን ቃል ሰማኋት እኮ! በላብ ማግኘት የምትለዋን። ስለ እኔ ካልሆነ ስለ ማን ልትያት ነው!"

"አዎ፣ እትዬ" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? በቶቧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ እስከ ዴም ድረስ ለባለራክሻው በዓረብኛ፣ ትልልቅ ሰው ፊት አመሰገነችኝ እያለች ስታወራው መጣች። ሰውዬው "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" ይላል። እኔ አንገቴን አዙሬ መንገዱን አያለሁ።

እህቴ ዛሬም ዴም ናት። መብራት በመጣ ቁጥር ስልኳን ሞልታ ትደውልልኛለች። ስንት ጊዜ እውነቱን ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት! ያለቻትን አንዲት ኩራት የምቀማት ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቷ እንድትሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ፣ "ያላ፣ ያኔ አዳራሹ ውስጥ ስለ እኔ ያልሽውን በይላት" አለችኝ። እንደምንም በእንግሊዝኛ፣ "ይህን ሁሉ ለፍታ ያገኘችው እህቴ ናት" አልኩ።

"አየሽ?" አለቻት ጎረቤቷን። "ያኔም ልክ እንዲህ ነው ያለችው።"