ጋሽ ወስፌና የጎመን ትሎቹ

ጫማ ሰፊውን ሰፈርተኛው ጋሽ ወስፌ ይለዋል፤ ቀጭን ስለሆነና በነገር ስለሚወጋ። ሚስቱን ግን ወግቷት አያውቅም፤ ሁልጊዜ እሷ ትቀድመዋለች።

ጓሮው ያለው የጎመን መደብ የእሷ ነበር። የእሳት እራት አመሻሽ ላይ መጥታ ከቅጠሉ ሥር እንቁላሏን ትጥላለች፤ የሚፈለፈሉት አረንጓዴ ትሎች ጎመኑን ወንፊት ያደርጉታል፤ ሴትዮዋ ደግሞ በየማለዳው ቅጠሉን እየገለበጠች ትለቅማቸዋለች። የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ አልጋ ላይ እስክትውል ድረስ ኑሮዋ ይኸው ነበር። ሐኪሙ፣ «አጥንቱ ገጥሟል። አሁን ካልተራመዱ ግን እንደተኙ ይቀራሉ» አላት። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጋሽ ወስፌ ፈራ። ቢለምናት እምቢ፣ ቢቆጣት ዝም። አንድ ጠዋት ከጓሮ ያገኘውን ትል በጣሳ ይዞ ገባ።

«ይሄ ምንድን ነው? ልግደለው ወይስ ልተወው?» አላት፤ ጠፍቶት አይደለም።

በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። «ያው ጎመን በሊታው ነዋ። ዕድሜ ልኬን ስለቅም አንተ የት ነበርክ? ግደለው።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንድ ትል ያመጣላታል፤ እሷም ተነስታ ተቀምጣ ትፈርዳለች። ችግሩ፣ ከባድ ዝናብ ጣለና ትሉን ጠራርጎ ወሰደው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ጋሽ ወስፌ የተረፉትን ጥቂቶች ሰብስቦ ሱቁ ውስጥ በጫማ ካርቶን ያኖራቸው ጀመር። ጎመን እየቀነጠሰ ይቀልባቸዋል፤ ደንበኛ ሲመጣ ካርቶኑን በጀርባው ይከልላል።

አንድ ቀን ሚስቱ የመጣላትን ትል አተኩራ አየችው። «ይሄን ትናንት ግደለው ብዬህ ነበር። ጎኑ ላይ ጠባሳ አለው።»

«ወንድሙ ይሆናል።»

«ጠባሳ በዘር አይወረስም። ከየት ነው የምታመጣው?»

«ከሱቅ» አለ፤ ውሸቱ አልቆበት።

«አሳየኝ።»

ትከሻውን ይዛ ተነሳች። ሱቁና መኝታ ቤቱ የሚለያዩት በአንድ በር ነው፤ እዚያ እስኪደርሱ ግን ደጋግመው ቆመው አረፉ። ከፍርሃቱም ከደስታውም የተነሳ እንባው መጣ። የደንበኞቹ በርጩማ ላይ አስቀምጧት ካርቶኑን ከፈተ።

«የእኔን ጎመን ለጠላቴ ትቀልባለህ?»

«ምን ላድርግ። እነሱን ሳመጣልሽ ትነሻለሽ። እኔ ስለምንሽ አትነሺም።»

ከዚያ እጇን ካርቶኑ ውስጥ ሰድዳ ቅጠሉን ዳሰሰች።

«ይሄማ ጠውልጓል» አለች። «ነገ ለጋውን ራሴ ቆርጬ አመጣላቸዋለሁ።»